ከሞጆ አልፎ አጅባር የሚደርሰው ገመድ

3,500 ዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። በአንድ መኖሪያ ቤት ካሉት ዕቃዎች መካከል ይህን ያህል ኮረንቲ ለረጅም ሰዓት የሚስብ ሌላ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ቴሌቪዥን ከአንድ አምፒር በታች ይበቃዋል። የውኃ ማፍያ ወደ ምጣዱ ቢጠጋም ውኃው እንደፈላ ይጠፋል። ምጣድ ግን ሊጡ እስኪያልቅ ይግላል፤ ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ ወይም ድግስ ካለ ሰዓታት ይቆጠራሉ።

በደቡብ ወሎ፣ በአጅባር፣ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታና በአካባቢው ደጋ ከተሞች መብራት የገባለት ቤተሰብ ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሻገር ከጭሱም ከእንጨት ወጪውም ይገላገላል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ደግሞ ከእፎይታም በላይ ነው። በግድግዳው ሶኬትና በምጣዱ መካከል የሚዘረጋው ሁለት ሦስት ሜትር ገመድ ግን ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ ሽቦና ኬብል ከውጭ ሲገባ አስገዳጅ ደረጃ ማሟላቱ መረጋገጥ አለበት። ሕጉ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ የማረጋገጫው ወረቀት የትኛውን ገመድ እንደሚከተልና የት ላይ እንደሚቆም ነው።

ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ገመድ ለምን እንደሚሞቅ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፣ ባለሙያዎች በአጭሩ አይኢሲ የሚሉት፣ በ60228 ቁጥር ባወጣው ደረጃ መሠረት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ7.98 ኦም በላይ መቋቋም የለበትም። ባለ 1.5 ሽቦ እስከ 13.3፣ ባለ 1 እስከ 19.5፣ ባለ 0.75 ደግሞ እስከ 26 ኦም ይፈቀድለታል። ኮረንቲው በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ ሒሳቡ በሁለት ይባዛል። በዚህ ስሌት 16 አምፒር ሲያልፍበት ባለ 2.5 ገመድ በየሜትሩ 4 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ባለ 1.5 ወደ 7 ዋት፣ ባለ 1 ወደ 10 ዋት፣ ባለ 0.75 ከ13 ዋት በላይ ይደርሳል። የተለመደው የፒቪሲ ልባስ የተሠራው ሽቦው እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ቢሞቅ እንዲችል ነው። አየር በሚያገኘው ቦታ የተዘረጋ ገመድ ሙቀቱን እየበተነ ይቆያል። ያው ገመድ በምንጣፍ ሥር ካለፈ፣ ከአልጋ ጀርባ ከታፈነ ወይም ትርፉ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ልባሱ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

እስካሁን የተናገርኩት ሽቦው መዳብ ከሆነ ነው። ገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ የበለጠ ይቋቋማል። በዚህ ዓይነት ሽቦ የተሠራ ባለ 0.75 ገመድ 16 አምፒር ቢጫንበት በየሜትሩ ወደ 20 ዋት ይጠጋል። አሉሚኒየም በብሎን ሲጠበቅ ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ መላላቱ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የላላ መገናኛ ይግላል፤ የጋለ መገናኛ ይበልጥ ይላላል። በየቤቱ የምናየው የጠቆረ ሶኬትና የቀለጠ ስፒና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ፣ ችግር ቢኖር ይወርድ ነበር» ይላል። ብሬከር ግን የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን መስመር ነው። ለምጣድ የተዘረጋ መስመር ባለ 20 ወይም ባለ 25 አምፒር ብሬከር ይኖረዋል፤ 16 አምፒር ለእሱ የተለመደ ጭነት ነው። ለ6 አምፒር የተሠራ ቀጭን ገመድ ላይ 16 አምፒር ሲያልፍ ብሬከሩ የሚያየው ጥፋት የለም፤ ገመዱ ሲቀልጥና ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ ብቻ ይወርዳል። ያኔ እሳቱ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች ይህን ክፍተት የደፈኑት ስፒናው ውስጥ ራሱ ፊውዝ በመክተት ነው፤ ትልቁ ፊውዛቸው 13 አምፒር ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚስብ ዕቃ በዚያ ስፒና አይሠራም። እኛ የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ፊውዝ የለውም። ስለዚህ በእኛ አገር የገመዱ ውፍረትና ጥራት ራሱ መከላከያ ነው፤ ከኋላው የሚጠብቀው ሌላ ነገር የለም።

የመሬት ሽቦውም እንዲሁ ነው። የምጣዱ አካል ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው፤ እጅ በሊጥ ይርሳል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሦስት ሽቦ ያለው ገመድ ያስፈልገዋል፤ ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ከቢጫ። ሦስተኛው የመሬት ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ገመድ የተገጠመ ምጣድ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተበጥሶ አካሉን ቢነካ፣ ኮረንቲው መሄጃ የሚያገኘው በጋጋሪዋ እጅ ነው።

ደረጃዎቹ ይህን ሁሉ አስበው የተጻፉ ናቸው። ለፒቪሲ ገመድ 60227፣ ለስፒናና ሶኬት 60884፣ ስፒናው ከፋብሪካ ተገጥሞ ለሚመጣ ገመድ 60799 የተባሉት የአይኢሲ ሰነዶች የሚጠይቁት ፈተና ቀላል አይደለም። ገመዱ ለአንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ተነክሮ 2,000 ቮልት ለ5 ደቂቃ ይጫንበታል። የስፒናው መያዣ ገመዱን እንዳይለቅ 100 ጊዜ ይጎተታል። ኮረንቲ እያለፈበት በማሽን ወዲያና ወዲህ በሺዎች ጊዜ ይታጠፋል። የመገናኛዎቹ ሙቀት ከአካባቢው ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ይለካል። ፕላስቲኩ በጋለ ሽቦ ይነካና እሳት ይዞ ይቀጥል እንደሆነ ይታያል። በዕቃዎች ደህንነት ደረጃ ደግሞ እስከ 6 አምፒር ለሚስብ ዕቃ 0.75፣ እስከ 10 አምፒር 1፣ እስከ 16 አምፒር 1.5፣ ከዚያ በላይ እስከ 25 አምፒር 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ውፍረት ነው። ምጣድ የሚገኘው በትክክል በድንበሩ ላይ ነው። 3,500 ዋቱ ከ16 አምፒር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 3,800 ዋት ከሆነ ግን 17 አምፒር ያልፋል። ያኔ ገመዱ ባለ 2.5 መሆን አለበት፤ ለ16 አምፒር የተሠራው ተራ ስፒና ደግሞ ጭራሽ ሊገጠምለት አይገባም።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚሠሩት አካላት የተለያዩ ናቸው፤ መለያየታቸውም ሆን ተብሎ ነው። ቀድሞ ሁሉንም ያጠቃልል የነበረው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተከፈለ። ደረጃ የሚያወጣው ለብቻ ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይባላል። ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሆነ። መለኪያዎችን የሚያስተካክለው የሥነ ልክ ተቋምና ለፈታሾቹ ዕውቅና የሚሰጠው የአክሬዲቴሽን ተቋም ደግሞ በየራሳቸው ቆሙ። ሕጉን የሚያወጣው፣ የሚፈትነውና የሚፈርደው አንድ እጅ እንዳይሆን ማለት ነው። አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ከውጭ ሲመጣ የሚቆጣጠረው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የጥራት መንደር እነዚህን ተቋማት ከነቤተ ሙከራቸው አንድ ግቢ ማምጣቱ ለአስመጪው ምልልሱን ያቀልለታል፤ ጥሩ እርምጃ ነው።

መንገዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ጭነቱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ወይም ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባል። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን ያቀርባል። የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ሰነዱን ያያሉ፣ ናሙና ካስፈለገ ይወስዳሉ፣ ቤተ ሙከራ ይልካሉ። ያለፈው ይለቀቃል፤ የወደቀው ወደ መጣበት ይመለሳል ወይም ይወገዳል። ኮንቴነሩ በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ስለሚቆጥር አስመጪው ይቸኩላል፤ ፈታሹም ግፊቱ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ያ የምስክር ወረቀት የሚናገረው ስለ ጭነቱ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰነድ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ነው። ገመድ ግን ወደ አገራችን የሚገባበት በር አንድ አይደለም። ስፒናው ተገጥሞለት የሚመጣ ገመድ በጉምሩክ ታሪፍ 8544.42 በሚለው ቁጥር ይመዘገባል፤ ይህ በግልጽ የሚታይ በር ነው። በውኃ ማፍያ ወይም በሩዝ ማብሰያ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው ገመድ ግን የዕቃው አካል ሆኖ በዕቃው ቁጥር ያልፋል፤ ካርቶኑን ከፍቶ ገመዱን ለብቻው የሚመረምር ካልተገኘ ማንም አይጠይቀውም። በኮንትሮባንድ የሚገባውን ወረቀት ጭራሽ አያውቀውም።

ለእኛ አካባቢ ግን ወሳኙ ሌላ ነው። የእንጀራ ምጣድ የአገር ውስጥ ምርት ነው። ሸክላው፣ ጥቅል ሽቦው፣ የብረት አካሉ እዚሁ ይገጣጠማል። ገመዱ ከጥቅል ላይ በሜትር ተለክቶ ይቆረጣል፤ ስፒናው ከሌላ ካርቶን ይወጣል። ሠራተኛው በፒንሳ ይልጠዋል፣ በካቻቢቴ ያጠብቀዋል፣ ናስትሮ ይጠቀልልበታል። አንዳንዴ ምጣዱ ያለ ገመድ ይሸጥና ገዢው ገመዱን ሌላ ሱቅ ሄዶ «ለምጣድ የሚሆን» ብሎ ይገዛል። በዚህ ጊዜ ሽቦው ለብቻው፣ ስፒናው ለብቻው ደረጃ አሟልተው ገብተው ሊሆን ይችላል። ሥራ ላይ የዋለው ገመድ ግን የተወለደው ከድንበር በኋላ ነው፤ አንድም ፈተና አላለፈበትም። መያዣውን 100 ጊዜ የጎተተው የለም፣ የብሎኑን ሙቀት የለካው የለም፣ ባለ 1 ገመድ ለምጣድ እንደማይበቃ የነገረው የለም። ስለ ገመድ ደህንነት ሲወራ ሁሉም ጣቱን ወደ ወደብ መቀሰሩ ስለዚህ ያሳዝነኛል።

ከመርካቶ ወደ ደሴ፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላምና ወደ አጅባር ጥቅሉ ሲጓዝ የምስክር ወረቀቱ አብሮት አይሄድም። ወረቀቱ አስመጪው ቢሮ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ከገመዱ ጋር እስከ መጨረሻው የሚሄደው ልባሱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ማንበብ መቻል ለባለ ሱቁም ለገዢውም ትልቅ ነገር ነው። «227 አይኢሲ 53» የሚል ካለ ገመዱ መደበኛ የፒቪሲ ልባስ ያለው ተጣጣፊ ገመድ ነኝ እያለ ነው። «ኤች 05 ቪቪ-ኤፍ 3ጂ1.5» የሚል የአውሮፓ ጽሑፍ ካለ ሦስት ሽቦ፣ አንዱ የመሬት፣ እያንዳንዱ 1.5 ማለት ነው። ከዚህ ጋር የአምራቹ ስም ከሌለ፣ ማንም በማንኛውም ገመድ ላይ ያተመው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ ደግሞ እኩል አይመዝኑም። ብዙ ሰው የሚያምነው የ«ሲኢ» ምልክት አምራቹ ራሱ የሚያትመው የራሱ ቃል ነው፤ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ሦስተኛ ወገን ፈትሾ የሰጠው አይደለም። እንዲያውም የአውሮፓ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ የቤት ስፒናና ሶኬትን ከራሱ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ ተራ ስፒና ላይ በትልቁ የታተመ «ሲኢ» መተማመኛ ሊሆን አይገባም፤ ሊያጠራጥር ይገባል። የጀርመኑ «ቪዲኢ» ግን በገለልተኛ ተቋም ተፈትኖ የሚሰጥ ነው። የቻይናው «ሲሲሲ» አስገዳጅ ቢሆንም አስገዳጅነቱ ቻይና ውስጥ ለሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚጫነውን አይመለከትም። አንድ ፋብሪካ ለአገሩ ሰው አንድ ገመድ፣ ለእኛ አስመጪ ሌላ ገመድ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ቀዳዳ ነው። ጃፓን የኤሌክትሪክ ገመድን ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚሹ ዕቃዎች ተራ መድባ፣ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ የሚጻፈውን የ«ፒኤስኢ» ምልክት ከነፈታሹ ስም ዕቃው ላይ እንዲታይ ታስገድዳለች። ማረጋገጫው ፋይል ውስጥ ሳይቀር ከገመዱ ጋር ይጓዛል ማለት ነው። እኛ ልንማር የሚገባው ይህን ነው።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ከተማ ምን ይደረጋል? ሙሉ ፈተና አይቻልም፤ ግን ምንም አይቻልም ማለት አይደለም። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ነጠላ ሽቦ ውስጡ 250 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብረት ይዟል። መዳብ ከሆነ ልባሱን ሳይጨምር ብረቱ ብቻ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም ከሆነ 700 ግራም እንኳ አይሞላም። ልባሱ ቢጨመርበት ልዩነቱ አይጠፋም። ጥቅሉ 100 ሜትር ተብሎ ከ2 ኪሎ በታች ከመዘነ ወይ መዳቡ መዳብ አይደለም፣ ወይ ውፍረቱ ወይ ርዝመቱ ጎድሏል። የእህል ሚዛን ያለው ሱቅ ሁሉ ይህን ማወቅ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ቢላ ነው። ከጫፉ ጥቂት ላጥ አድርጎ አንዷን ቀጭን ክር በቢላ መፋቅ፤ ከቀዩ ቅብ ሥር ነጭ ከታየ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ከብረት የተሠራ ነው፤ እሱ ከሁሉም የከፋ ነው። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ሚዛን፣ ቢላ፣ ማግኔትና የሽቦ ውፍረት መለኪያ ይዞ ሱቅ ቢገባ፣ ጊዜው ያለፈበትን ዘይት በሚያነሣበት ሥልጣን ይህንንም ማንሣት ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹም መሣሪያ ሰጥቶታል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ በሜትር ተቆርጦ የሚሸጥ ገመድ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ስንት ቦታ ነው?

እኔ የምለው ምጣድን ያለ ገመድ መሸጥ መቅረት አለበት ነው። የምጣድ ሠሪው ገመዱን ገጥሞ፣ የገመዱን ውፍረትና የምጣዱን ዋት አካሉ ላይ በማይለቅ ሁኔታ ጽፎ ይሽጥ። ስንት ዋት እንደሚፈጅ ያልተጻፈበት ምጣድ ገዢው ምን ገመድ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። አስመጪውም የምስክር ወረቀቱ ቁጥር በየጥቅሉ መጠቅለያ ላይ እንዲታተም ይገደድ፤ የመካነ ሰላም ባለ ሱቅ ከመርካቶ ሲረከብ ቁጥሩን አይቶ ይቀበል ወይም ይመልስ።

ተቃውሞው የታወቀ ነው፤ ዋጋ። ባለ ሦስት ሽቦ፣ ባለ 2.5 የመዳብ ገመድ ውድ ነው። መዳብ በዓለም ገበያ ይወደዳል፤ በእኛ የውጭ ምንዛሪ ሲመነዘር ደግሞ ይብስበታል። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ደረጃውን የጠበቀው ገመድ ቢወደድ፣ አቅም የሌለው ቤተሰብ ወደ ቀጭኑ መሄዱ አይቀርም። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ የሚናገሩት ሰዎች ኪሳቸውን ያውቁታል። መልሱ ግን ከገመዱ ይልቅ ከምጣዱ በኩል ይገኛል ብዬ አምናለሁ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለእንጀራ ምጣድ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ለማውጣት ሲሠራ የቆየው የመብራት ፍጆታን አስቦ ነው፤ ጥቅሙ ግን ገመዱም ላይ ይደርሳል። ሙቀቱን የማያባክን፣ 2,000 ዋት የሚበቃው ምጣድ የሚስበው 9 አምፒር ብቻ ነው። የገመዱ ሙቀት የሚጨምረው በኮረንቲው ስኩዌር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ምጣድ ርካሽ በሆነው ባለ 1.5 ገመድ ላይ የሚያወጣው ሙቀት በየሜትሩ ከ2 ዋት እምብዛም አይበልጥም። ዛሬ 3,500 ዋቱ ምጣድ በውዱ ባለ 2.5 ገመድ ላይ ከሚያወጣው 4 ዋት ጋር ሲተያይ ግማሽ ገደማ ነው።